ሶሻሊስት አገር ውስጥ ረቂቅ ሥዕል? የዛግሬብ ሠዓሊዎች ነገር

ባለፈው እትም ስለ ስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ስጽፍ፣ ቀራፂዎቹ ክሮኤሽያውያን መሆናቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነክቼ አልፌ ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ደብዳቤ አመጣችልኝ። አራቱን መርጫለሁ። ቀኖቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

«የስድስት ኪሎውን ሐውልት የሠሩት በሶሻሊስት ዩጎዝላቪያ የነበሩ ክሮኤሽያውያን ናቸው ብለህ ጽፈሃል። እኔ በደርግ ዘመን ሥዕል አስተምሬአለሁ። ሶሻሊስት ሥዕል ሲባል የሚታየኝ መዶሻ ያነሳ ላብ አደርና ከኋላው የምትወጣ ቀይ ፀሐይ ነው። እነዚያም እንዲህ ነበር የሚሠሩት? ወይስ ሌላ ነገር ነበራቸው?»
ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከአዲስ አበባ

መምህር፣ ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ሶሻሊስት ጥበብ ሲባል የአብዛኞቻችን ዓይን የሚሄደው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ወደቆመው ትግላችን ሐውልት ነው። እሱን የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። ከዚያ ተነስተን የሶሻሊስት አገር ሥዕል ሁሉ እንደዚያ ይመስለናል። የክሮኤሽያ ዋና ከተማ ዛግሬብ ግን ሌላ ታሪክ አላት።

መጀመሪያ ላይ እነሱም የሞስኮን መንገድ ይዘው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሠዓሊው የሚጠበቅበት ፋብሪካ፣ አዲስ የባቡር ሐዲድና አርበኛ መሣል ነው። በ1948 ሰኔ ላይ ግን ስታሊንና የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ ተጣሉ፤ ዩጎዝላቪያም ሞስኮ ከምትመራው የኮሚኒስት ፓርቲዎች ኅብረት፣ ከኮሚንፎርም፣ ተባረረች። እንግዲህ ያስቡት። አገሪቱ ሶሻሊስት ናት፣ ከሞስኮ ጋር ግን አይደለችም። ወደ ምዕራቡም ጠቅልላ አልገባችም። ለዓለም የምታሳየው ፊት ምን ዓይነት ይሁን?

መልሱን ከሰጡት መካከል ወጣት አርክቴክቶችና ሠዓሊዎች ነበሩ። ቪየንትሰስላቭ ሪኽተር፣ ኢቫን ፒትሴልና አሌክሳንዳር ስርኔትስ በ1949 እና በ1950 በስቶክሆልም፣ በቪየና፣ በሃኖቨርና በቺካጎ ለተካሄዱ የንግድ ትርኢቶች የአገራቸውን ድንኳን፣ ማለትም የማሳያ ሕንፃ፣ ነደፉ። ሥራው የመንግሥት ነው፣ ገንዘቡም የመንግሥት ነው። እነሱ ግን ያቆሙት ቀጫጭን የብረት ዘንግ፣ ንጹሕ ቀለም፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቅርጽ ነው። ለእኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ረቂቁ ጥበብ፣ ሰውም ዕቃም ሳይሆን መስመርና ቀለም ብቻ የሚታይበቱ፣ መጀመሪያ የገባው በጓሮ በር ሳይሆን በንግድ ሚኒስቴር በኩል ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ኤግዛት 51 የተባለው ቡድን መጣ። ስሙ የሙከራ አውደ ጥበብ ለማለት ነው። ስድስት አርክቴክቶችና ሦስት ሠዓሊዎች ናቸው። ታኅሣሥ 7 ቀን 1951 ዛግሬብ ውስጥ በተግባራዊ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ማኒፌስቷቸውን አነበቡ። ያሉት ሲጠቃለል ይህን ነው፦ ለግድግዳ የሚሠራ «ንጹሕ» ሥዕልና ለወንበር ወይም ለመብራት የሚሠራ ንድፍ በሚል መለያየት የለም፤ ረቂቅ ቅርጽ የዓይናችንን ቋንቋ ያሰፋል፤ ሙከራ ከሌለ እድገት የለም። የምዕራብ ቡርዧ ብልሹነት ነው እየተባሉ ተወገዙ። እነሱ ግን ሶሻሊዝምን አልተቃወሙም፤ እንዲያውም አዲስ ኅብረተሰብ አዲስ ቅርጽ ይፈልጋል ነበር ክርክራቸው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ረቂቅ ሥዕልን የሥርዓቱ ተቃዋሚ አድርጎ ብቻ ነው የሚያየው። የካቲት 1953 ላይ አራቱ፣ ቭላዶ ክሪስትል፣ ፒትሴል፣ ቦዢዳር ራሺትሳና ስርኔትስ፣ በአርክቴክቶች ማኅበር አዳራሽ ሥዕሎቻቸውን ሰቀሉ። ሥዕሎቹ ላይ ሰው የለም፣ ፋብሪካም የለም። መስመርና ቀለም ብቻ ነው።

በ1958 ብራስልስ ላይ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የዩጎዝላቪያን ድንኳን የሠራው ያው ሪኽተር ነው። ሕንፃው ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ተነቅሎ እዚያው ቤልጅየም ውስጥ ቬቨልገም በተባለች ከተማ ትምህርት ቤት ሆነ።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ ልመለስ። ሐውልቱን የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው፤ የቆመውም በ1955 ነው። የግራዚያኒን ጭፍጨፋ የሚያሳዩት የነሐስ ቅርጾች የእነሱ እጅ ናቸው። አውጉስቲንቺች ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ያለውን የሰላም ሐውልት፣ ሴት ልጅ ፈረስ ላይ ተቀምጣ የምትታይበትን፣ የሠራም ነው። ሐረር የነበረው የራስ መኮንን ሐውልትም የሱ ነው። አቫንት ጋርድ፣ ማለትም አዲስ መንገድ ቀዳጅ፣ የሚባል ሰው አይደለም። ሰውን እንደ ሰው፣ ፈረስን እንደ ፈረስ የሚሠራ፣ መንግሥት የሚያምነው ትልቅ ባለሙያ ነበር። ስለዚህ መምህር፣ የጥያቄዎ መልስ ሁለቱም ነው። የእኛ ሐውልት በተሠራበት ዘመን፣ በዚያችው ዛግሬብ፣ ሌሎቹ ሦስት ማዕዘንና ክብ ይደረድሩ ነበር።

በሁለቱ መካከል የቆመ አንድ ሰው አለ፣ እሱን ሳልነግርዎ አላልፍም። ቮይን ባኪች ይባላል። በ1941 ፋሺስቶቹ ኡስታሻዎች አራት ወንድሞቹን ገደሉበት። የመጀመሪያዎቹ የአርበኛ ሐውልቶቹ በሰው መልክ ናቸው። ቀስ በቀስ ግን ቅርጹን እያሳጠረ፣ እያለሰለሰ ሄደ። በ1953 ለቤልግሬድ ያቀረበው የማርክስና የኤንግልስ ሐውልት ተቀባይነት አጣ። እሱ ግን አላቆመም። በኋላ ካሜንስካ በምትባል የክሮኤሽያ መንደር በ1968 ያቆመው ሐውልት 30 ሜትር የሚደርስ፣ እንደ ነበልባል የተጠማዘዘ የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። ፊት የለውም፣ ጠመንጃ የለውም። አራት ወንድም የተገደለበት ሰው ሐዘኑን በብርሃን ብቻ ሠራው። ይህን ሐውልት በፎቶ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል። በ1992 በዩጎዝላቪያ ጦርነት ጊዜ በፈንጂ ፈረሰ። የሐረሩ የራስ መኮንን ሐውልትም በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ መፍረሱን ያስታውሳሉ። በአንድ ከተማ የሠሩ የሁለት ቀራፂዎች ሥራ፣ በሁለት አህጉር፣ እንዲህ ሆነ።

«ክፍል ውስጥ ጎርጎና ስለሚባል ቡድን ሰማን። ባዶ የሱቅ መስኮት ፎቶ ዘጠኝ ገጽ ላይ ደጋግመው አትመው መጽሔት አሉት አሉ። እውነቱን ልንገርህ፣ የተቀለደብኝ ነው የመሰለኝ። ይህ ምኑ ነው ጥበብ?»
የግራፊክስ ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

አልተቀለደብሽም እህቴ። እንዲያውም የምወዳቸው እነሱን ነው።

ጎርጎና ከ1959 እስከ 1966 ዛግሬብ ውስጥ የተሰባሰቡ ጓደኛሞች ናቸው። ሠዓሊ አለ፣ ቀራፂ አለ፣ ሐያሲ አለ። ማኒፌስቶ አልጻፉም። አብረው በእግር ይንሸራሸሩ ነበር፣ በፖስታ ሐሳብ ይላላኩ ነበር፣ አንድ ጊዜ «እባክዎ ይገኙ» ብቻ የሚል የጥሪ ካርድ ላኩ። የት፣ መቼ፣ ለምን የሚል የለበትም። ኤግዚቢሽኖቻቸውን የሚያሳዩት የሥዕል ፍሬም በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ፣ ኪራዩን ራሳቸው እየከፈሉ ነበር።

የሰማሽው ስለ መጽሔታቸው የመጀመሪያ እትም ነው፣ 1961። የሠራው ዮሲፕ ቫኒሽታ ነው። ቡድኑ በሞላው 11 እትም አወጣ፤ እያንዳንዱ እትም የአንድ ሰው ሥራ ነው። እነሱ ራሳቸው ፀረ መጽሔት ነበር የሚሉት። ስለ ሥራ የሚተርክ ሳይሆን ራሱ ሥራው የሆነ መጽሔት ማለት ነው። አንቺ የግራፊክስ ተማሪ ስለሆንሽ ይህን ከእኔ በላይ ትረጂዋለሽ፦ ገጹ መያዣ መሆኑ ቀርቶ ዕቃው ራሱ ሲሆን።

ባዶው መስኮት ግን ለምን? የእኔን ግንዛቤ ልንገርሽ። በዙሪያቸው ሁሉም ነገር ይናገር ነበር። መፈክር ይናገራል፣ ጋዜጣ ይናገራል፣ ፕላኑ ስንት በመቶ እንደተሳካ በየቦታው ይነገራል። እነሱ ዝም ያለ ነገር ፈለጉ። ምንም የማይሸጥ መስኮት፣ ገጽ ስትገልጪ ያው መስኮት፣ እንደገና ያው። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስትደርሺ የምታዪው መስኮቱን አይደለም፣ የራስሽን መጠበቅ ነው።

ከመካከላቸው ማንጌሎስ በሚል ስም የሚሠራው ዲሚትሪዬ ባሺቼቪች የጥበብ ታሪክ ሰው ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር ደብተሩ ላይ አንድ ጥቁር አራት ማዕዘን ይሥል ነበር። ስም የለ፣ ፊት የለ። በኋላ የተማሪ ጥቁር ሰሌዳና የዓለም ሉል እየቀባ በላዩ ላይ በትምህርት ቤት የእጅ ጽሕፈት ቃላት ይጽፍ ነበር። እስቲ ያንን ጥቁር አራት ማዕዘን አስቢና ባዶውን መስኮት እንደገና እዪው።

ዩሊዬ ክኒፈር ደግሞ ከ1960 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አንድ ነገር ብቻ ሠራ። እየታጠፈ የሚሄድ ጥቁርና ነጭ መስመር፣ በጥበብ ቀሚስ ጠርዝ ላይ እንደምናየው ዓይነት በቀጥታ ማዕዘን የሚታጠፍ። ከ40 ዓመት በላይ። ቀራፂው ኢቫን ኮዣሪች በ1963 ለጓደኞቹ ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ የከተማውን ባዶ ቦታዎች ሁሉ በጂፕሰም እንቅረጽ የሚል ነው። የመኪና ውስጥ፣ የቤት ውስጥ፣ የዛፍ ውስጥ፣ የራሳቸው ጭንቅላት ውስጥ። አልተሠራም፤ ሐሳቡ ግን ቆሞ አለ። እኔ ዛሬም አንድ ክፍል ውስጥ ስገባ ይህ ክፍል ተገልብጦ ቢቀረጽ ምን ይመስላል ብዬ አስባለሁ።

«ይህን ያህል ነፃ ከነበሩ ፖሊስ የሚመጣው መቼ ነበር? ወይስ ማንም አልተነካም?»
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

ነፃነቱ እውነተኛ ነበር። ነሐሴ 1961 ዛግሬብ ውስጥ «አዳዲስ ዝንባሌዎች» የተባለው የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ሲከፈት፣ ከጀመሩት አንዱ አልሚር ማቪኜ የተባለ ብራዚላዊ ነበር፣ ሠዓሊዎቹም ከተለያዩ አገሮች ነው የመጡት። ከአንድ ወር በኋላ ጃንሆይ ለገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ቤልግሬድ ገቡ። ሁለቱ ነገሮች የአንድ ፖሊሲ ሁለት ገጽታ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አገሪቱ በሯን ወደ ሁለቱም ዓለም ከፍታ ነበር። በ1963 መጀመሪያ ላይ ቲቶ ራሳቸው ረቂቅ ሥዕልን በአደባባይ ነቀፉ። ሌላ አገር ቢሆን ጋለሪው ይዘጋ ነበር። ዛግሬብ ውስጥ ግን በዚያው ዓመት ሁለተኛው «አዳዲስ ዝንባሌዎች» ተከፈተ። በ1968 ኮምፒውተርን የጥበብ መሣሪያ አድርገው መወያየት ጀመሩ፤ በ1969 ቭላዲሚር ቦናቺች የሚባል ሳይንቲስት አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ግንባር ላይ በኮምፒውተር ስሌት የሚበራና የሚጠፋ የመብራት ሥራ ተከለ። በ1969!

ወሰኑ ታዲያ የት ነበር? እንደማየው ከሆነ መስመርና ቀለም ብዙ አያሰጋም ነበር። ሥራው መሪውን ሲነካ፣ ወይም ገላውን ይዞ መንገድ ላይ ሲወጣ ነው ነገር የሚመጣው።

ቅድም ያነሳሁት ቭላዶ ክሪስትል በ1962 ስለ አንድ ጄኔራል አጭር ፊልም ሠራ። ፊልሙ ቲቶን ያላግጣል ተብሎ ታገደ። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ። የሚገርመው በዚያው ዓመት ከዛግሬብ የወጣ የዱሻን ቩኮቲች አኒሜሽን ፊልም ኦስካር አሸነፈ፤ አሜሪካዊ ያልሆነ አጭር አኒሜሽን ኦስካር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። በአንድ እጅ ሽልማት፣ በሌላው እገዳ።

ጥር 1968 ላይ ስፕሊት በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ወጣቶች በሌሊት የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት ጥንታዊ አደባባይ ወለል በቀይ ቀለም ቀቡት። ቀዩ የማን ቀይ ነው? የሥርዓቱ ነው ወይስ የተቃውሞ? መልሱን አልተናገሩም። ፖሊስ ፈልጎ አገኛቸው፣ ፍርድ ቤትም ቀረቡ።

ከሁሉ በላይ የምትመሰጠኝ ግን ሳንያ ኢቬኮቪች ናት። ግንቦት 10 ቀን 1979 ቲቶ ዛግሬብን ይጎበኛሉ፣ አጀባቸውም በሳቭስካ ጎዳና ያልፋል። እሷ ቤቷ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች። መጽሐፍ ታነባለች፣ ውስኪ ትጠጣለች፣ ደግሞም ገላዋን ለራሷ ደስታ የምትነካካ ትመስላለች። ከመንገድ ሆኖ የሚያያት የለም፣ የበረንዳው አጥር ይሸፍናታል። ሊያያት የሚችለው ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሬዲዮ ይዞ የቆመው የጥበቃ ሰው ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘን፦ እሷ በረንዳ ላይ፣ እሱ ጣሪያ ላይ፣ ፖሊሱ ታች መንገድ ላይ። ከ18 ደቂቃ በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። ሰዎችና ዕቃዎች ከበረንዳው እንዲነሱ ታዘዘ። ሥራው አበቃ፣ ስሙም «ሦስት ማዕዘን» ነው።

አስበው ወንድሜ፣ አንድ መፈክር አልጻፈችም፣ አንድ ቃል አልተናገረችም። እነሱ ራሳቸው መጥተው ሥራውን ጨረሱላት። ሥልጣን እስከ ቤትህ በረንዳ ድረስ እንደሚያይህ ለማሳየት ከዚህ የበለጠ መንገድ አላውቅም። ሴት መሆኗም ተራ ነገር አይደለም። የወንዶቹ ሥራ ብዙ ሲወራለት የሷ ዘግይቶ ነው የተነገረው፤ ይህ ያናድደኛል።

ቶሚስላቭ ጎቶቫትስ በ1981 ኅዳር ላይ ዋናውን የኢሊትሳ ጎዳና ራቁቱን እየተራመደ «ዛግሬብ፣ እወድሻለሁ» እያለ አስፋልቱን ሳመ። ደቂቃዎች ሳይቆዩ ፖሊስ ወሰደው። ምላደን ስቲሊኖቪች ደግሞ ዘዴው ሌላ ነበር። በ1977 ሮዝ ጨርቅ ላይ «በጥበቤ ላይ የሚሰነዘር ጥቃት በሶሻሊዝምና በእድገት ላይ የሚሰነዘር ጥቃት ነው» ብሎ ጻፈ። የሥርዓቱን አነጋገር ወስዶ ራሱን ሸፈነበት። በደርግ ዘመን ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ያን ዓይነት ዓረፍተ ነገር በጆሮው ያውቀዋል። በሚቀጥለው ዓመት አልጋ ላይ ተኝቶ የሚታይባቸውን ስምንት ፎቶዎች «አርቲስቱ ሥራ ላይ» ብሎ ሰየማቸው። ሥራ፣ ሥራ በሚባልበት አገር።

«የምኖረው ቪየና ነው። በበጋ ልጆቼን ይዤ ዛግሬብ ልሄድ አስቤአለሁ። ሙዚየም ሲባል የሚያንቀላፉ ልጆች ናቸው። ምን ላሳያቸው?»
እናት፣ ከቪየና

በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሂጂ። ከቦጎቪቼቫ መንገድ ጀምሪ። እዚያ የኮዣሪች «መሬት ላይ ያረፈች ፀሐይ» አለች፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያላት ወርቃማ ኳስ። በ1971 መጀመሪያ የቆመችው ብሔራዊ ቲያትሩ ፊት ነበር። ሰው ተናደደባት፣ አበላሿት፣ እሳትም ለኮሱባት፣ ከዚያ ተነሳች። አሁን ግን ልጆች ይደገፏታል፣ ጓደኛሞች እሷ ጋ እንገናኝ ይባባላሉ።

ለልጆችሽ የሚሆነው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ2004 ዳቮር ፕራይስ የተባለ ሌላ አርቲስት በዚያች ፀሐይ ልክ ዘጠኙን ፕላኔቶች ሠርቶ በከተማዋ ውስጥ በየርቀታቸው አስቀመጣቸው። ምድር ከሁለት ሴንቲ ሜትር አትበልጥም። ፕሉቶ ከሰባት ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው ያለችው። አፈላልጓቸው፤ ቅርብ ቅርቦቹን በእግር፣ ሩቆቹን በትራም።

ከዚያ ሳቫ ወንዝን ተሻግራችሁ በ2009 ወደ ተከፈተው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሂዱ፤ ከመሄድሽ በፊት ሰዓቱን አጣሪ። እስካሁን የነገርኳችሁን የብዙዎቹን ሥራ እዚያ ታገኛላችሁ፤ የኮዣሪች አውደ ጥበብም ከነኮተቱ በሙዚየሙ ይዞታ ነው፣ ከተማዋ በ2007 ገዝታዋለች። ሕንፃው ላይ ደግሞ ካርስተን ሆለር የሠራው ከፎቅ ወደ ታች የሚወርድ መንሸራተቻ አለ። ክፍት ሆኖ ከጠበቃችሁ መጀመሪያ ልጆቹን በእሱ ልቀቂያቸው፣ ኢቬኮቪችን ብቻሽን ረጋ ብለሽ ታያታለሽ።